ላም አለኝ በሰማይ

፩

በ«ስታር ትሬክ» መርከብ ላይ ሐኪም አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ ነጂ አለ፣ የሥነ ልቡና አማካሪ እንኳ አለች። አስተርጓሚ ግን የለም። መርከቧ ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው ትበራለች፤ ሠራተኞቿም የሰው ዘር ከዚህ ቀደም አይቷቸው የማያውቅ ፍጥረታት ፊት ይቆማሉ፤ ፍጥረታቱ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የሚወጣው ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ነው። ለዚህ የተሰጠው ማብራሪያ «ሁለንተናዊ ተርጓሚ» የሚባል መሣሪያ ነው። መሣሪያው በተከታታዩ ውስጥ በግልጽ የቀረበው በ1967 ነበር (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልሁባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለደራሲዎቹ ነገሩ የአመቺነት ጉዳይ ነበር፤ በ50 ደቂቃ በሚያልቅ ታሪክ ውስጥ በየሳምንቱ አዲስ ቋንቋ የሚማር ጀግና ማስገባት አይቻልም። አብዛኛው ተመልካችም መሣሪያው መኖሩን ይረሳዋል።

እኔ ልረሳው አልቻልሁም። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ በሴንት ፖል ከተማ የቤተሰቤ መሣሪያ እኔ ነበርሁ። የአከራዩን ደብዳቤ፣ የመብራት ሒሳቡን፣ የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ፣ የሐኪሙን ጥያቄ የማስተላልፈው እኔ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ ማንም ለማንም የማያስተረጉምበትን ዓለም አያለሁ። «ስታር ትሬክ»ን የወደድሁት ስለ ከዋክብቱ፣ ስለ መርከቧ ውበት፣ ስለ ካፒቴኑ ጨዋነት እንደ ሆነ ለሰው እናገር ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ከሁሉ በታች የነበረው ምክንያት ግን ሌላ ነው፦ በዚያ ዓለም ማንም ልጅ የአባቱን ሕመም በአባቱ ፈንታ ለመናገር አይገደድም።

ተከታታዩን ዛሬ መለስ ብዬ ስመረምረው፣ ተፈትቷል ብሎ ያለፈው ጥያቄ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የከበደው እንደ ነበረ ይታየኛል። እንዲያውም ይህንን ራሱ ተከታታዩ በአንድ ክፍል በግልጽ ተናግሮታል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ክፍልና አባቴ፣ በሁለቱም መካከል የቆመው ልጅ ነው።

፪

አባቴ «ያ ትውልድ» ከሚባሉት አንዱ ነው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ከዘመቻው ጋር ገጠር ወርዶ ፊደል አስቆጠረ፣ የመሬት አዋጁን ለገበሬዎች አስረዳ። በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ባልንጀሮቹን ሲጨርስ በመተማ በኩል በእግሩ ሱዳን ገባ። እኔ የተወለድሁት ካርቱም ነው። በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ እንደ እኛ ላሉ ቤተሰቦች በር ከፍቶ ነበርና፣ በ1989 ጥር ወር ሴንት ፖል ደረስን። ከካርቱም ሐሩር ወጥቶ በሚኒሶታ ጥር መካከል መቆም ምን እንደሚመስል ለማስረዳት በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቃል አላገኘሁለትም።

አባቴ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይነት ተቀጠረ። አሮጌ ቴሌቪዥን ገዛን። በዚያን ጊዜ የሚታየው ከ1987 እስከ 1994 በ178 ክፍሎች የተላለፈው ተከታታይ ነበር። አባቴ አንድ ምሽት የርእሱን ትርጉም ጠየቀኝ። «ቀጣዩ ትውልድ» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ከየትኛው ቀጥሎ?» አለ።

ስለ ተከታታዩ ዓለም በጋለ ስሜት ነገርሁት። በ24ኛው መቶ ዓመት በምድር ላይ ድህነት የለም፤ ጦርነት የለም፤ ገንዘብ እንኳ የለም። ሰው የሚሠራው ለእንጀራ ሳይሆን ራሱንና ወገኑን ለማሻሻል ነው። ዘርና ቀለም ማንንም ከማዕዱ አያርቅም። አባቴ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠኝና «ላም አለኝ በሰማይ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የተከታታዩ ስም ይኸው ሆነ። ሰዓቱ ሲደርስ ከሳሎን ሆኖ «ላምህ ጀመረች፤ ና!» ብሎ ይጠራኛል።

ቀልዱ መራራ ሥር እንደ ነበረው የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እርሱና ባልንጀሮቹ ያችን ላም በሰማይ ትተው አልተቀመጡም፤ ሊያወርዷት ሞክረዋል። ድህነትና መደብ የሌለበትን ነገ እንደ ቅርብ ጎረቤት መንደር አይተውት ነበር። ስለዚህ አባቴ በተከታታዩ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ሳይንሳዊ ልብ ወለድን ያልለመደ ሰው ጥርጣሬ አልነበረም። አንድ ጊዜ ከልቡ አምኖ የነበረ ሰው ጥርጣሬ ነበር።

፫

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል እንዲህ ላለ ፍቅር የተመቹ መንታ ከተሞች ናቸው። የመጀመሪያው «ስታር ትሬክ» መታየት በጀመረበት በ1966 የሚኒሶታ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ማኅበር እዚሁ ተመሠረተ፤ «ሚኒኮን» የተባለው ጉባኤው ከ1968 ጀምሮ ሲካሄድ ኖሯል። ታላቁ ደራሲ ክሊፈርድ ሲማክ ከ1939 ጀምሮ እስከ ጡረታው ድረስ የሚኒያፖሊስ ጋዜጠኛ ነበር። በ1974 የተከፈተው «አንክል ሁጎስ» የተባለው የመጻሕፍት መደብር ደግሞ በእኔ ልጅነት በቺካጎ አቬኑ ላይ ይገኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እየሄድሁ፣ ያገለገሉ መጻሕፍት ከተደረደሩበት መደርደሪያ ሥር ቁጭ እላለሁ። በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ በዚያው ጎዳና ላይ በፖሊስ ከተገደለ በኋላ በተነሣው ሁከት መደብሩ ተቃጠለ፤ በ2022 በሌላ ቦታ እንደ ገና ተከፈተ።

ሲማክ በ1964 የሁጎ ሽልማት ያገኘበት «ዌይ ስቴሽን»፣ ማለትም የመንገደኞች ማረፊያ፣ ከዚያ መደርደሪያ ካገኘኋቸው መጻሕፍት አንዱ ነው። በዊስኮንሲን ገጠር የሚኖር አንድ ብቸኛ ሰው ከከዋክብት ወደ ከዋክብት የሚጓዙ ፍጥረታትን በቤቱ ያሳርፋል፤ ጎረቤቶቹ ይህንን አያውቁም። ሰውዬው በቤቱ ውስጥ እስካለ ድረስ አያረጅም። ይህቺ ነጥብ ታስቀኝ ነበር። በሁለት ዓለም መካከል የቆመ ሰው እንደማያረጅ የጻፈው ሲማክ፣ በሰፈራችን የነበሩትን አስተርጓሚ ልጆች ቢያይ ኖሮ ታሪኩን ገልብጦ ይጽፈው ነበር።

ተከታታዩ ለእንደ እኛ ያሉ ልጆች ቦታ አዘጋጅቶ ነበር፤ ይህንን መካድ ውለታ ቢስነት ይሆናል። በመጀመሪያው ተከታታይ የመርከቧን መገናኛ የምትቆጣጠረው ኡሁራ አፍሪካዊት ናት፤ ስሟም ነፃነት ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የተወሰደ ነው። ተዋናይቱ ኒሼል ኒኮልስ ሥራውን ልትተው ባሰበች ጊዜ ማርቲን ሉተር ኪንግ ራሳቸው እንድትቆይ እንደ መከሯት በተደጋጋሚ ተናግራለች። ሆኖም ኡሁራ መስመር ትከፍታለች እንጂ ትርጉም አትከፍትም። የገዛ ቋንቋዋን የምትሰማባቸውን ወይም የምትናገርባቸውን ክፍሎች ሳስብ ሁለት ትዝ ይሉኛል። አንዱ በ1966 በመጀመሪያው ምሽት የተላለፈው ነው፤ ሰውን የሚገድል ፍጡር የጥቁር ሰው መልክ ይዞ በስዋሂሊ ያነጋግራታል። ሁለተኛው በ1967 የታየው ነው፤ አንድ መሣሪያ ትዝታዋን ሙሉ በሙሉ ያጠፋባትና እንግሊዝኛ ማንበብን ከሀ ጀምራ ስትማር፣ ሲቸግራት ስዋሂሊ ያመልጣታል። እንግዲህ በዚያ ውብ ነገ ውስጥ የእናት ቋንቋ የሚመጣው ወይ እንደ ወጥመድ፣ ወይ እንደ ሕመም ምልክት ነው።

በ«ቀጣዩ ትውልድ» ደግሞ ሌቫር በርተን የተጫወተው ዋና መሐንዲስ ጆርዲ ላ ፎርጅ አለ። በመርከቧ መዝገብ ላይ የትውልድ ቦታው ሞቃዲሾ፣ ሶማሊያ ተብሎ ሰፍሯል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሶማሊያ ስደተኞች ወደ ሚኒሶታ መምጣት ሲጀምሩ፣ ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ አንዱ ከሞቃዲሾ የወጣ ልጅ ነበር። ይህንን ስነግረው አላመነኝም። በዚያው ቴሌቪዥን፣ በዜና ሰዓት፣ የሚያየው ሞቃዲሾ ፍርስራሽ ነበር። ካመነኝ በኋላ ግን ያነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ፦ «ታዲያ ለምን እንደ እኛ አይናገርም?» አባቶቻችን በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን የተዋጉ የሁለት አገር ሰዎች ናቸው። እኛ ልጆቻቸው ግን በአንድ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ ጎን ለጎን፣ አንድ ሥራ እንሠራ ነበር።

፬

ስለዚያ ሥራ በግልጽ ልናገር። የሚከብደው ቃላት ማጣት አይደለም። ሰዓት እንኳ ራሱን የቻለ ትርጉም ይጠይቃል፤ ክሊኒኩ «ዘጠኝ» ሲል ለአባቴ «ሦስት» ብዬ እነግረዋለሁ፤ ቁጥሩን ለመጠበቅ ብል ቀጠሮው ያመልጠናል። ይህንን ግን ልጅ በሳምንት ይለምደዋል። የሚከብደው ሌላ ነው።

በ1991 የበጋ ወራት አባቴ እንቅልፍና ምግብ እምቢ አለው። እናቴ ወደ ሐኪም እንድንሄድ ወሰነችና፣ በዩኒቨርሲቲ አቬኑ በ16 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍረን ሁለታችን ሄድን። ሐኪሙ ምን እንደሚሰማው ጠየቀው፤ እኔም አስተላለፍሁ። አባቴ «ሆድ ባሰኝ፤ ባር ባር ይለኛል» አለ።

የ11 ዓመት ልጅ ብሆንም ሁለቱንም ትርጉም አውቅ ነበር። ለሐኪሙ፣ አባቴ ስለ ሆዱ እንደ ተናገረ፣ ነገር ግን በእኛ ቋንቋ ይህ ኀዘን ማለት እንደ ሆነ ነገርሁት። ሐኪሙ ወንበሩን አስጠግቶ፣ በደግ ድምፅ፣ የኀዘኑ ምክንያት ምን እንደ ሆነ እንድጠይቅለት ነገረኝ። ጠየቅሁት። አባቴ ረዘም ላለ ጊዜ አየኝ። ከዚያም «የለም፤ ሆዴን ነው ያመመኝ በለው» አለኝ። አልሁ። የሆድ መድኃኒት ታዘዘለት፤ ተመለስን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማለዳ፣ ቤታችን ነጠላ ባዘቀዘቁ ሰዎች ተሞላ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈት፣ ከአገር ቤት አንድ ደብዳቤ ደርሶት ነበር፤ ደብዳቤው የእናቱን ሞት የሚነግር ነው። እርሷ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል። ሐኪሙ ፊት በተቀመጠበት ቀን ያንን ደብዳቤ በኪሱ ይዞት ነበር፤ ለእናቴም ገና አልነገራትም። ለሐኪሙ ለመናገር ግን መጀመሪያ ለእኔ መናገር ነበረበት፤ እኔም አያቴ መሞቷን በሰማሁበት ቅጽበት ዞሬ በእንግሊዝኛ መድገም ነበረብኝ። በእኛ ወግ መርዶ በሽማግሌ ይነገራል፣ ቀን ተመርጦለት፣ ማለዳ፣ የሚደግፍ ወገን ባለበት። አባቴ የራሱን መርዶ በልጁ አፍ አላወጣም። ሆዴን ነው አለ።

በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ቃል አልጠፋም፤ ሁሉም በትክክል ተተርጉሟል። ችግሩ የአስተርጓሚው ችሎታ አልነበረም። አስተርጓሚው የተናጋሪው ልጅ መሆኑ ነበር። ስለዚህ የተከታታዩ መሣሪያ ለእኔ የነበረው ትልቁ መስሕብ ትክክለኛነቱ ሳይሆን የማንም ልጅ አለመሆኑ ነው።

፭

በዚያው ዓመት፣ በመስከረም መጨረሻ፣ «ዳርሞክ» የተባለው ክፍል ተላለፈ። የጻፈው ጆ ሜኖስኪ ነው። መርከቧ ታማርያውያን ከሚባሉ ሕዝቦች ጋር ትገናኛለች። ሁለንተናዊው ተርጓሚ ሥራውን ይሠራል፤ ቃላቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆነው ይወጣሉ፤ ማንም ግን ምንም አይረዳም። ታማርያውያን የሚናገሩት በቀጥታ አይደለም፤ እያንዳንዱ ንግግራቸው የአንድ ጥንታዊ ታሪክ ጫፍ ነው፤ እገሌ በእገሌ ቦታ፣ እገሌ እንዲህ ባደረገ ጊዜ። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ቃሉን ቢያውቅም ምንም አላወቀም። ካፒቴናቸው ዳቶን (የተጫወተው ፖል ዊንፊልድ ነው) ሌላ መንገድ ሲያጣ፣ ካፒቴን ፒካርድን ይዞ አውሬ ወዳለበት ምድረ በዳ ይወርዳል፤ አዲስ ታሪክ አብረው እንዲኖሩ፣ ያም ታሪክ የጋራ ቃላቸው እንዲሆን።

አባቴ ከሥራ ገብቶ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። እኔ እንደ ልማዴ እየተከታተልሁ እተረጉምለታለሁ። የእንግዳው ካፒቴን ንግግር ላይ ስደርስ ግን ግራ ተጋባሁ፤ እንግሊዝኛው ራሱ ስሜት አይሰጥም። ሌላ አማራጭ ስላልነበረኝ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለስሁት፤ እገሌ ከእገሌ ጋር፣ በእገሌ ደሴት። አባቴ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ተረት እየነገረው ነው» አለኝ። «ሁለት ሰዎች ተጣልተው ወይም ተቸግረው፣ አንድ ቦታ ተገናኝተው ወዳጅ ሆነዋል። እኛም እንዲያ እንሁን ነው የሚለው። ይኼ ሰውዬ ለምን አይገባውም?»

ይኼ ሰውዬ የተባለው ፒካርድ እስኪገባው ድረስ ገና ብዙ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። በገባው ጊዜ ዳቶን በአውሬው ቆስሎ እየሞተ ነው። ፒካርድ እሳት ዳር ተቀምጦ በምላሹ ከምድር ጥንታዊ ታሪኮች አንዱን ይነግረዋል፦ ስለ ንጉሡ ጊልጋሜሽና ስለ ወዳጁ ስለ ኤንኪዱ፣ ስለ ኤንኪዱም ሞትና ስለ ጊልጋሜሽ ልቅሶ። የሚሞተው ሰው ሞት ያለበትን ታሪክ እየሰማ ያርፋል። ያንን ሁሉ ለአባቴ ተረጎምሁለት።

ካለቀ በኋላ ቴሌቪዥኑን ራሱ አጠፋው። «እናቴ እንደዚያ ነበር የምትናገረው» አለኝ። «ግማሹን ትልና ግማሹን ትተወዋለች። አንድ ሰው ዘግይቶ ሲፎክር ስታይ ‹ጅብ ከሄደ…› ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ‹ውሻ ጮኸ›ን አንተ ነህ የምትሞላው። ካልሞላህ የቤቱ ልጅ አይደለህም።» እስከዚያች ምሽት ድረስ ስለ እርሷ አንድም ቀን አጫውቶኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት አወራኝ። ያን ዕለት የሚያስተረጉመው ሰው አልነበረም።

፮

በ«ዳርሞክ» ላይ የሚነሣ የታወቀ ክርክር አለ። ቋንቋው ሁሉ ጥቅስ ከሆነ፣ ልጆቻቸው ታሪኮቹን መጀመሪያ በምን ቋንቋ ይሰማሉ? ታሪክ ለመንገር ታሪክ ማወቅ ግድ ከሆነ መነሻው የት ነው? ክርክሩ ብልህ ነው፤ እኔ ግን በስደት አማርኛ እንደ ተማረ ልጅ መልስ አለኝ። «ሰኔና ሰኞ ገጠመበት» የሚለውን አባባል በትክክል የተጠቀምሁበት፣ ሰኔ አንድ ቀን ሰኞ ሲውል ክፉ ገጠመኝ ይመጣል የሚለውን እምነት ከመስማቴ ብዙ ዓመት በፊት ነው። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለውን ስማር አህያም ጅብም በአካል አላየሁም። የተማርሁት ሰዎች ሲሉት የፊታቸውን ሁኔታ በማየት ነው። ልጅ ታሪኩን የሚያውቀው ከቃሉ አይደለም፤ ቃሉ ከተነገረበት ሰዓት ነው። መነሻው እንግዲህ አብሮ መገኘት ነው። ዳቶንም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ፒካርድን ቃል አላስተማረውም፤ ቃሉ የሚነገርበት ሰዓት ውስጥ አስገባው።

ይሁንና አማርኛ ከታማርያውያን ቋንቋ በአንድ ነገር ይለያል። እነርሱ በታሪክ የሚናገሩት ሌላ መንገድ ስለሌላቸው ነው። እኛ በቀጥታ መናገር እየቻልን እንሸፍናለን። ሰምና ወርቅ በቅኔ ቤት የሚቆጠር ትምህርት ብቻ አይደለም፤ የዕለት ተዕለት የኑሮ ሥርዓትም ነው። ሰሙ ለሰሚ ሁሉ ነው፤ ወርቁን ለማን እንደሚገልጥ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። መሣሪያው አባቴን ቢተረጉመው ኖሮ «ሆድ» ብሎ ሰሙን ብቻ ባስተላለፈ። እኔ ወርቁንም አወጣሁት። የሁለታችንም ትርጉም ትክክል ነው፤ በሁለታችንም ትርጉም ውስጥ ግን አባቴ አልተጠየቀም።

ይህ ሐሳብ ወደ አባቴ ትውልድ ይመልሰኛል። እነርሱም የነገውን ዓለም የተቀበሉት በትርጉም ነበር። ርዕዮተ ዓለም፣ ወዛደር፣ ከበርቴ፣ ተራማጅ፣ አድኃሪ፦ እነዚህ ቃላት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመጻሕፍት ወደ አደባባይ ወጡ፤ አንዳንዶቹም በግእዝ ሥርወ ቃል ላይ ተስተካክለው የታነጹ ውብ ቃላት ናቸው። የጎደላቸው ውበት አልነበረም። ሕዝቡ አብሯቸው የኖረው ሰዓት ነበር የጎደላቸው። አባቴ በዘመቻው ጊዜ በአንድ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ርዕዮተ ዓለም አንድ ሰዓት ሙሉ ካስተማረ በኋላ፣ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «እኚህ ርዕዮተ ዓለም የሚሏቸው የማን ልጅ ናቸው?» ብለው እንደ ጠየቁት ያጫውተናል። እያሳቀ ነው የሚያጫውተን። ከሳቁ በኋላ ግን ሁልጊዜ ዝም ይላል። ያ ጥያቄ ከቀረበ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በእነዚያው ቃላት የተለያየ ፍቺ የተነሣ ወንድም ወንድሙን አድኃሪ እያለ ገድሏል። ቃሉን ሁሉም ተርጉመውታል፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ ግን ማንም አላወቀም።

ለዚህ ነው የ«ስታር ትሬክ» ነገ ከሁሉ ይልቅ የሚያስጠረጥረው በገንዘብ አለመኖሩ አይደለም የምለው። ገንዘብ የሌለበት ዓለም ሊታሰብ ይችላል። መግባባት በመሣሪያ የተሰጠበት፣ ማንም ለማንም ጊዜውን ያልከፈለበት ሰላም ግን በእውነት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ተከታታዩ ክብሩ የሚጨምረው፣ ይህንን የራሱን ድክመት በ«ዳርሞክ» አውጥቶ ስላሳየ ነው። መሣሪያውን እንደ ተከፈተ ትቶ አለመግባባትን አሳየን፤ ከዚያም መግባባት የሰው ሕይወት ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል ነገረን።

፯

አስተርጓሚ በመርከቧ ላይ የሥራ መደብ ያገኘው በ2001 ነው። «ኤንተርፕራይዝ» የተባለው ተከታታይ ዘመኑን ወደ ኋላ መልሶ፣ መሣሪያው ገና ሳይሟላ፣ ሆሺ ሳቶ የተባለች የቋንቋ ሊቅ በመርከቧ ላይ አስቀመጠ። በገሃዱ ዓለም የነበረው ጉዞ ከዚህ ብዙም አልራቀም። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎን ከልክሎ ነበር፤ ይህ ማለት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት እንግሊዝኛ ለማይችል ሰውም በሚገባ ማገልገል አለባቸው ማለት እንደ ሆነ በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ የተብራራው ግን በ2000 ነው። በ2016 የወጣ የጤና ደንብ ደግሞ ሕፃናትን፣ ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር፣ በአስተርጓሚነት መጠቀምን ከለከለ። በዚያው በ2016 ጉግል የትርጉም አገልግሎቱ ላይ አማርኛን ጨመረ።

በዚያ ዓመት የነበረ ልጅ እንግዲህ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አግኝቷል፤ የሚከላከልለት ሕግና በኪስ የሚያዝ መሣሪያ። ሁለቱ እኩል አይደሉም። መሣሪያው እየተሻሻለ ይሄዳል፤ አንድ ቀን «ሆድ ባሰኝ» ማለት ምን እንደ ሆነ በሚገባ ያውቅ ይሆናል፤ ባያውቅ ነው የሚገርመኝ። ነገር ግን እኔም በ11 ዓመቴ አውቄው ነበር። ማወቁ ሥራውን አልጨረሰልኝም። የቀረው ሥራ ተናጋሪውን መጠየቅ ነው፤ ይህም ከቃላት ችሎታ ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ከሰውዬው ጋር መቆምን፣ የእርሱ ቤተ ሰብ ግን አለመሆንን።

አባቴ ዛሬ 70 ዓመት አልፎታል። ባለፈው ዓመት ለልብ ምርመራ በሄድን ጊዜ፣ አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች፤ ድምፅዋ የሃምሳ ዓመት ሴት ይመስላል፣ አነጋገሯ የጎጃም። ሐኪሟ ስለ ስሜቱ ጠየቀችው። አባቴ እንደ ልማዱ «ሆድ ይብሰኛል» አለ። ስልኩ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ አስተርጓሚዋ፣ ንግግሩ ሁለት ፍቺ ስላለው ማብራሪያ ልትጠይቀው እንደ ሆነ በእንግሊዝኛ ለሐኪሟ አሳወቀች፤ ሙያው የሚያዝዘውም ይህንኑ ነው። ወደ አማርኛ ተመልሳ «ጋሼ፣ የቱን ሆድ ልበልልዎት?» አለችው።

አባቴ ሳቀ። ከዚያም «ሁለቱንም» አለ፤ ቀጥሎም ረጅም ነገር ተናገረ፣ ስለ ባልንጀሮቹ፣ ስለ እናቱ፣ ሌሊት ስለሚነቃበት ሰዓት። እርሷ ተከትላ ተከትላ ተረጎመች፤ ሐኪሟ ጻፈች። እኔ ጥግ ባለው ወንበር ላይ ነበርሁ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አባቴ ለሐኪም ሲናገር የማዳምጠው እንደ ልጁ ብቻ ሆኜ ነው።